በከሰል የላክሁት ፊት

አባቴ ዓይኑ ሊጠፋ መሆኑን የነገረችኝ አክስቴ ናት። እሱ ራሱማ ስደውልለት «ትንሽ ጭጋግ ቢጤ ነው» ብሎ ነው የሚያልፈው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ስለ ዓይኑ ማውራት አይወድም። መንጃ ፈቃዱን የመለሰ ጊዜ እንኳ ለጎረቤት ያወራው ጡረታዬ ደረሰ ብሎ ነው። አክስቴ ግን ታላቅ እህቱ ስለሆነች አትፈራውም፤ እናቴ ካረፈች ጀምሮ ቤቱንም እሱንም ይዛ የምትኖረው እሷ ናት። አንድ እሑድ እሱ ወጣ ባለበት ሰዓት ደወልኩና ስልኩን እሷ አነሳች።

«ግላኮማ ነው አሉት» አለችኝ። «የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብለውናል። አሁን የሚያየው በቧንቧ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። አንቺን ነው የሚያነሳው። አንድ ጊዜ ፊቷን ባየሁ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለገ ይሁን ይላል።»

ፎቶግራፍ ሳልክ ቀርቼ አይደለም። በረዶ ላይ ቆሜ፣ ባቡር ጣቢያ ቆሜ፣ የሰው መኪና ተደግፌ የተነሳሁትን ሁሉ ልኬያለሁ። ችግሩ በሁሉም ላይ ፊቴ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው፤ ከኋላዬ ያለው በረዶ ደግሞ ስለሚያበራ ጭራሽ ጠቁሮ ይጠፋል። አባቴ ፎቶዎቹን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ካየ በኋላ «ካፖርቷ ይታየኛል» ብሎ ይመልሳቸው ነበር አሉ። እንዳልሄድ ደግሞ ወረቀቴ ገና አላለቀም፤ ከካናዳ ከወጣሁ መመለሻ አልነበረኝም። እኔ በአካል መድረስ ካልቻልኩ ፊቴ የሚደርስበትን መንገድ መፈለግ ነበረብኝ።

ያን ጊዜ ካልጋሪ ውስጥ ዋይትሆርን ከአንዲት የአገሬ ልጅ ጋር ቤዝመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። ባቡሩ መጨረሻው እኛ ጋ ስለሆነ እንቅልፍ ቢወስደንም ጣቢያችንን አናልፍም፤ ያንን ሰፈር የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው እያልን እንቀልድ ነበር። ሁለታችንም ኤርፖርት ነው የምንሠራው። እሷ ሳንድዊች ትጠቀልላለች፣ እኔ መጸዳጃ ቤቶቹን አጸዳለሁ። ሥራዬ ባብዛኛው ከመስታወት ጋር ነበር። ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ መስታወት ስወለውል የገዛ ፊቴ ከጨርቁ ኋላ ይመጣል፣ ይሄዳል። በዚያ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊቱን ሳይወድ በግድ ያጠናል። ግራ ቅንድቤ ከቀኙ ከፍ እንደሚል፣ ሲደክመኝ ከንፈሬ ወደ አንድ ጎን እንደሚያዘነብል ያወቅሁት እዚያ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፎረስት ሎን፣ ከአሥራ ሰባተኛው ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አዳራሽ ውስጥ ሥዕል እማር ነበር። የተመዘገብኩት እንግሊዝኛዬ ይፈታል ብዬ ነው። እንግሊዝኛዬ ብዙም አልተፈታ፤ ሥዕሉ ግን ያዘኝ። አስተማሪያችን ሽበቷን እንደ ወንድ ያሳጠረች፣ የሹራቧ እጅጌ ሁልጊዜ የጠቆረ ሴትዮ ነበረች። ብዙ አታወራም። ከኋላችን መጥታ ትቆምና ጥሩ ሲሆን ታጉረመርማለች፣ መጥፎ ሲሆን ታልፋለች።

በከሰል ነው የምንሠራው ያለችን ቀን ሳቄ መጣ። እኔ ያደግሁት ከሰል የነካ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ምንም እንዳይነካ በሚከለከልበት ቤት ነው። እዚህ ከወይን ሐረግ የተከሰለች እርሳስ የምታክል ቅንጣቢ በጥጥ ላይ አጋድመው በካርቶን ይሸጧታል። ገዝቼ ቤት ስገባ የቤት ጓደኛዬ ካርቶኑን ከፍታ አየችውና «ሲሪየስሊ? ካናዳ ድረስ መጥተሽ ከሰል ትገዢያለሽ?» አለች። ለብዙ ቀን ለሚደውልልን ሰው ሁሉ ስታወራው ሰነበተች።

አንድ ቅዳሜ አስተማሪያችን ትልቅ መጽሐፍ ተሸክማ መጣችና ሲምቦሊስት የሚባሉ ሠዓሊዎችን ሥራ አሳየችን። ከመቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ሰው ፊታቸው ተቀምጦላቸው እያለ የሚስሉት መልኩን ሳይሆን በውስጡ የሚያልፈውን ነው አለችን፤ ሕልሙን፣ ፍርሃቱን፣ ለማንም ያልነገረውን። ለዚህ ሥራ ከሰልን የሚያህል ነገር አላገኙም። ከሰል በጣት ሲያሹት እንደ ጉም ይለሰልሳል፣ ተጭነው ሲሄዱበት ደግሞ ጉድጓድ ያህል ይጠቁራል። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ፊቶች ከጨለማ ውስጥ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ቀርቷል። ፀጉሩ የት ላይ አልቆ ጨለማው የት ላይ እንደሚጀምር አይለይም። የብዙዎቹ ዓይን ተጨፍኗል። የተጨፈነ ዓይን ተመልካቹን ወደ ውስጥ ያስገባዋል አለችን። ገጹን ስትገልጥ እኔ ወደፊት ተጎትቼ ወንበሬን ጥዬ መነሳቴን ያወቅሁት ሰዎች ዞር ሲሉ ነው።

አሠራሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወረቀቱን በመጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር በከሰል ያጠቁሩታል። ከዚያ እንደ ሊጥ በሚታሽ ላጲስ ጥቁሩን እየቀነሱ ብርሃኑን ያወጡታል፤ ግንባሩን፣ የአፍንጫውን ጫፍ፣ የጉንጩን አጥንት። ክፍል ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ነጭ ወረቀታቸውን ማጥቆር አስጨንቋቸው ነበር። እኔ ግን ነጭ ወረቀት ላይ የራሴን ፊት መሳል ሁልጊዜ ይቸግረኝ ነበር፤ ጥላ ባበዛሁ ቁጥር ቆሻሻ ይመስላል። ከጥቁሩ ስነሳ ፊቴ በራሱ ቀለም መጣልኝ። ከዚያ ቀን በፊት ወረቀት ላይ ራሴን መስዬ አላውቅም። አስተማሪዋ ከኋላዬ ቆማ አጉረመረመች፤ ከዚያም አልሄድ አለች።

ለአባቴ የምልክለት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለማረጋገጥ ብዬ አክስቴን ሐኪሙን ጠይቂልኝ አልኳት። ትልቅ ከሆነና ጥቁሩና ነጩ በደንብ ከተለያየ፣ በቂ ብርሃን ባለበት ቦታ ሊያየው ይችላል አለ ብላ ነገረችኝ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ትልቅ፣ ጥቁርና ነጭ። ልክ ለእሱ ዓይን ተብሎ የተሠራ ሙያ ነው የተማርኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ለራሱ ነገርኩት።

«ፊቴን እልክልሃለሁ አባዬ። ትልቅ አድርጌ።»

«ፎቶ ነው?»

«ሥዕል ነው። ራሴ የምስለው።»

«አንቺ?» አለና ሳቀ። ዶሮ ብስል ድመት ትመስል እንደነበር አስታወሰኝ። «እንግዲያው ቶሎ በይ» አለኝ ቀጥሎ፣ ስለ ሌላ ነገር በሚያወራበት ድምፅ።

የተጨፈነ ዓይን መሳል ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። በመስታወት የራሱን ፊት የሚስል ሰው ዓይኑን ከጨፈነ ምኑን ያያል? መጀመሪያ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ በቀኙ እያየሁ ሳልኩ፣ ከዚያ ቀኙን ጨፍኜ በግራው። አስተማሪዋ አየችውና «ይህች ሴት እየጠቀሰች ነው፣ ያውም በሁለቱም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አንዱን ብቻ የሚጨፍን ሰው ቆዳውን ያጨማድደዋል። በስተመጨረሻ መላ ያገኘሁት ከቤት ጓደኛዬ ነው። ከሥራ መጥታ ሶፋው ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ክልትው ስትል ወረቀቴን አጠገቧ ዘርግቼ የእሷን የዓይን ቆብ ሳልኩ። የሰው ዓይን ቆብ ተኝቶ ሲታይ እንዴት ያለ ነገር ነው፤ ልስልስ ብሎ፣ ከሥሩ ኳሷ ትንሽ ትንሽ እየተንቀሳቀሰች። ያንን በእኔ ፊት ላይ አስቀመጥኩት፤ ልክ እንደ ራሴ ገጠመ።

ስታየው ግን አልወደደችውም።

«ኦፕን አድርጊው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አይኑን ነዋ። አይ ዶንት ኖው፣ ሙች እልሻለሁ ደስ አይልም። የሞተ ሰው ነው የሚመስለው።»

«የሲምቦሊስቶች አሠራር ነው። ዓይኑ ሲጨፈን ውስጡን ነው የምታይው።»

«ኦኬ፣ ውስጡን ይዩት» ብላ ወደ ሻወር ገባች።

ቆሽቴ አረረ። ለብዙ ሳምንት የለፋሁበትን ነገር ሳንድዊች እያላመጠች በአንድ ቃል ስታጣጥለው ምን ልሁን? ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍኳት። እውነቱን ለመናገር ሥዕሉ ጥሩ ነበር። ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ሳስታውሰው ጥሩ ነው። ግንባሩ ላይ ያለው ብርሃን፣ አንገቱ ወደ ጥቁሩ ሲሰምጥ፣ ግራ ቅንድቤ ከፍ ብሎ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ነገር አልሠራሁም። መጥፎ ቢሆን ኖሮ እንደዚህ አይቆጨኝም ነበር።

ከሰሉ እንዳይረግፍ የፀጉር ስፕሬይ ረጨሁበትና የሚሄድ ሰው ፍለጋ ጀመርኩ። የቤት ጓደኛዬ ከምትሄድበት የአማርኛ የጸሎት ጉባኤ አንድ ሽማግሌ ወንድማቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ ይሄዳሉ ተባለ። ቤታቸው ሄድኩ። ዝምተኛ ሰው ናቸው። ክረምት ከበጋ የማያወልቁት ጥቁር ካፖርት አላቸው፤ ሲናገሩ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል መዝነው ነው የሚያወጡት።

«ጋሼ፣ እባክዎን ይህችን ለአባቴ ያድርሱልኝ» አልኳቸው። «ዓይናቸውን ያማቸዋል። ለሰው እንዳይሰጡብኝ፣ ለራሳቸው በእጃቸው ነው። ቶሎ ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል።»

ጥቅልሉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «አይዞሽ ልጄ፣ በደረስኩ ማግስት» አሉኝ። ቃላቸውንም ጠበቁ። እንደ እሳቸው ቃሉን የጠበቀ ሰው አላየሁም፤ ነገሩን ያበላሸውም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከአክስቴ ነው። ሰውየው ረቡዕ አዲስ አበባ ገቡ። የካልጋሪና የአዲስ አበባ ሰዓት ቀንና ሌሊት ስለሆነ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ሐሙስ ጠዋት ከወንድማቸው ጋር ወደ አዳማ ይሄዳሉ፤ በደረስኩ ማግስት ብለው ቃል ገብተዋል። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት ላድርስ ብለው ገና ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ሰፈሩን ስለማያውቁት ወንድማቸውና የወንድማቸው ሚስት ይዘዋቸው መጡ። ወፍ ሲንጫጫ አክስቴ በሩ ተንኳኩቶ ስትከፍት ሦስት የማታውቃቸው ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፣ ሴትየዋ ለብርዱ ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባለች።

እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። ዘመድ የሞተበት ሰው ቤት በንጋት ነው የሚኬደው። ሰውየው ገና ከእንቅልፉ እንደተነሳ፣ ከቤት ሳይወጣ፣ ሦስትም አራትም ሆነው ሄደው መጀመሪያ ያስቀምጡታል። በቀጥታ አይነግሩትም። ደህና ነው ይላሉ፣ ትንሽ አሞት ነበር ይላሉ፣ ሰውየው ከፊታቸው ላይ አንብቦ ራሱ እስኪደርስበት ድረስ። አክስቴ በዕድሜዋ ስንት ቤት እንደዚያ ሄዳ አርድታለች። አመጣጣቸውን ስታይ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

«እህቴ፣ ይግቡና ቁጭ ይበሉ» አሉ ሽማግሌው፣ እሷው ቤት።

«ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከካናዳ ነኝ። ከልጃቸው የተላከ አደራ ይዣለሁ። እሳቸው ተነስተዋል?»

«ልጅቷ ደህና ናት?»

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ቃሉን መዘኑት። «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ዝግ ብለው። ከዚያ ጥቅልሉን ፈቱት።

አክስቴ እንዲህ ነው ያለችኝ፦ «ጠቁረሽ፣ ዓይንሽ ተከድኖ፣ ይህን ያህል ትልቅ ሆነሽ ፊቴ ላይ ተዘረጋሽ። ምን ልበል? የልቅሶ ቤት ሥዕል ነው። ሞተሽ ፊትሽን ልከውልን ነው አልኩ።» ነጠላዋን ነክሳ ድምጿን ዋጠችው፣ ከውስጥ አባቴ እንዳይሰማት። ሽማግሌው ደግሞ ናፍቆት ነው ብለው «አይዞዎት፣ ሰላም ናት እኮ፣ በጣም ሰላም ናት» ሲሉ የባሰ ተንሰቀሰቀች። ሰው እንዲህ አብዝቶ ሰላም ናት የሚለው መቼ ነው? አባቴ ከመኝታ ቤት «ማነው?» ሲል «የዕድር ሰዎች ናቸው፣ ተኛ» አለችው። ለራሳቸው በእጃቸው ካልሰጠሁ ቢሏትም አሁን አይሆንም፣ እኔ አውቅበታለሁ ብላ አልቅሳ ለመነቻቸው። መኪናው ስለሚጠብቃቸው ሰጥተዋት ሄዱ። ወደ ካልጋሪ ሲመለሱ «በጣም ነው ደስ ያላቸው፣ በደስታ አለቀሱ» ብለው ነገሩኝ። እኔም ምን ላድርግ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

አንዱ ያክስቴ ልጅ ለማጣራት ቴሌ ሄዶ ወደ እኛ ቤት አስደወለ። ሁለታችንም ሺፍት ላይ ነበርን፤ ማንም አላነሳም። ደግሞ ደወለ፣ ማንም አላነሳም። ለእነሱ ይኸው ማረጋገጫ ሆነ። ዘመድ ተጠራ። የክፍለ ሀገሮቹ እስኪደርሱ ተብሎ ለአባቴ ሰኞ ጎህ ሲቀድ እንዲነገረው ተወሰነ። እስከዚያ ድረስ አክስቴ ሥዕሉን አራት ላይ አጥፋ ፍራሿ ሥር ከተተችው፤ ከሐሙስ ጀምሮ እያለቀሰች ተኛችበት። አባቴ በየቀኑ «ሰውየው አልመጣም እንዴ?» ይላል። በረራው ተላልፏል አሉት። የሚያየው በቀን በቀን እየጠበበ ነበር፤ ያቺን ያህሏን ዓይን ነው በር በር ሲያይባት የዋለው።

እሑድ እንደ ልማዴ ደወልኩ። አክስቴ አነሳች።

«ሄሎ፣ እትዬ፣ እኔ ነኝ።»

ዝም።

«እትዬ፣ ይሰማል?»

«እኔ ማን?» አለች። ድምጿ የእሷ አይመስልም።

ስሜን ነገርኳት። ስልኩ ወድቆ ግድግዳውን ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ የብዙ ሰው ጩኸት፣ እልልታ፣ ደግሞ ልቅሶ። ቤታችን ሰው ሞልቶ ነበር፤ ለአባቴ ማኅበር አለ ብለውት ነው አሉ። እኔ አባቴ የሞተ መሰለኝ። እንዲህ ሆነን ባሕር ማዶ ለባሕር ማዶ እያንዳንዳችን የሌላችንን ሞት ይዘን ተላቀስን። ነገሩ ሲገባኝ እንደ መሳቅም አለኝ፤ የቤት ጓደኛዬ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እስክትታመም ሳቀች። «አልነገርኩሽም?» ያለችኝ ቆይታ ነው። እኔ ግን የተበሳጨሁት በአክስቴ ነው። ሰውየው ቆሞ ደህና ናት እያላት፣ ሥዕል መሆኑን እያየች፣ አንድ ቃል ቀጥ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው ከዚያ ሁሉ ዘመድ መሀል እንዴት ይጠፋል? ስነግራት ደግሞ እሷ ብሳ ተቆጣች።

«ዓይንሽን ከድነሽ፣ ጥቁር ለብሰሽ፣ በንጋት ሰው ልከሽብኝ ምን ላስብ ኖሯል?»

ሥዕሉን ከፍራሹ ሥር አወጡት። የእኔ ስፕሬይ የአክስቴን ክብደት አልቻለም። ጥቁሩ ወደ ነጩ ሄዶ፣ እጥፋቶቹ አፍንጫዬ ላይ ተገናኝተው፣ ግንባሬ ላይ ያወጣሁት ብርሃን አመድማ ሆኗል። በነጭ ዳቦ ፍርፋሪ ቀስ ብላችሁ እየነካካችሁ ጥቁሩን አንሱ ብዬ በስልክ አስተማርኳቸው። ያክስቴ ልጅ የቻለውን ያህል አጸዳው። ከዚያ ለአባቴ ተሰጠው።

በሚቀጥለው እሑድ ስልኩን ያነሳው እሱ ነው። ስልኩ አጠገብ ወንበር አስመጥቶ ሲጠብቅ ነበር አሉ።

«ሞተሽ ነበር አሉ» አለኝ።

«አለሁ አባዬ።»

«እኔማ አልሰማሁም። ለእኔ ሰኞ ነበር ቀጠሮው።» ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «አየሁሽ» አለ።

«አየኸኝ?»

«አየሁሽ። በረንዳ ወጥቼ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። እኔ አሁን ሁሉን ባንድ ጊዜ አላይም፤ ትንሽ ትንሽ ነው። መጀመሪያ ግንባርሽን አገኘሁት። የእናትሽ ግንባር ነው። ቅንድብሽንም አገኘሁት፣ ያችን ከፍ የምትለዋን። ከዚያ ዓይንሽን ስፈልግ አጣሁት። አልፌው ይሆናል ብዬ እንደገና ከላይ ጀመርኩ። ወረቀቱን ሳዞር፣ ሳስጠጋ፣ ሳርቅ፣ የለም። ኋላ እህቴን ጠራሁና ዓይኗ የቱ ጋ ነው አልኳት። ጨፍናዋለች አለችኝ።»

የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረውም። መንገድ የጠፋበት ሰው አላፊ አግዳሚውን የሚጠይቅበት ድምፅ ነበር።

«ለምን ጨፈንሽው ልጄ? እኔ እኮ ዓይንሽን ነበር የፈለግሁት።»

የማውቀው መልስ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። የተጨፈነ ዓይን ሰውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ከመቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ እንዲህ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ይህን ለማን ነው የምለው? ለሦስት ወር ያህል ጥቁሩን ከነጩ ስለይ፣ ቆብ ሳለሰልስ፣ ይህ ሰው እኔን ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ምኔን እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም። ለትልቅነቱ ሐኪም አስጠይቄያለሁ፣ ለጥቁሩ ሐኪም አስጠይቄያለሁ። ሕፃን ልጅ እንኳ እናቱን ሲያይ የሚያየው ዓይኗን ነው።

«ደክሞኝ ነበር አባዬ» አልኩት።

«አዬ» አለ። «ሥራ አብዝተውብሻል እኮ። እረፊ እንጂ፤ እንቅልፍሽንም በደንብ ተኚ።» ከዚያ አክስቴን እንዳልቆጣት ለመነኝ፤ ሴትዮዋ ደንግጣ ከስታለች አለኝ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ሌላ ወረቀት አወጣሁ። ጨለማ የለ፣ ጉም የለ፤ ነጭ ወረቀት ላይ በወፍራም መስመር ፊቴን ሳልኩ። ዓይኖቹን መጀመሪያ ነው ያስቀመጥኳቸው፣ አፍጥጠው፣ ከፊቱ ጋር የማይመጣጠኑ ትላልቅ። ቅዳሜ አስተማሪዋ ከኋላዬ ቆማ አየችው። አላጉረመረመችም፤ አለፈች። አስቀያሚ ሥዕል ነበር፣ ልክ የመታወቂያ ፎቶ። በዓይኑ ብሌን ላይ ነጭ ነጥብ እንኳ ትቼለት ነበር፣ በቀላሉ እንዲያገኘው ብዬ።

የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ክረምቱ አለፈ። አንዲት ነርስ ተገኘች፤ ቀን በስድስት ሰዓት ካልሆነ እንዳትሄጂ፣ ነጭም ልበሺ ብዬ አጥብቄ ነገርኳት። ሁሉን ካሰናዳሁ በኋላ አባቴ እንዲጠብቅ ለማስነገር ወደ አክስቴ ደወልኩ። ሌላ ሥዕል እየመጣ ነው፣ አሁን ዓይኑ ተከፍቷል፣ ንገሪው አልኳት።

ከኋላዋ የአባቴ ድምፅ ይሰማኛል፣ ከአንድ ሰው ጋር ያወራል።

«ላኪው፣ እኛ እናየዋለን» አለችኝ። «እሱ እንኳ አሁን ጠዋት ጠዋት ነጋ ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀን።»